ብርሃን የሚገባበት መሥሪያ ቤት



በዚህ ዓመት በመጽሔታችን ላይ ስለ መሥሪያ ቤት አሠራር ለመጻፍ የተነሣሁት መሐንዲስ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ ገና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ነገር ግን አንድ ቀን ከአያቴ ጋር ሄጄ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ፣ በፊዚክስና በጂኦግራፊ ትምህርት ያገኘሁትን ከዚያ ነገር ጋር ሳገናዝብ ዓመቱን አሳለፍሁ። የደረስሁበትንም ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

አያቴ የሚኖሩት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። የእንሰት ማሳቸው የተመዘገበበት የይዞታ ደብተር በዝናብ ስለ ተበላሸ፣ በአዲስ እንዲጻፍላቸው ለማመልከት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ እኔም ደጋፊያቸው ሆኜ ተከተልሁ። የገባንበት ክፍል ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በፋይል መደርደሪያ ከግማሽ በላይ ተሸፍኗል። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ትከሻ ድረስ ጥቁር ቡናማ ቀለም ተቀብቷል። በዚያ ቀን ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነበርና፣ ጸሐፊው የእጅ ስልኩን እያበራ ከአሮጌው ደብተር ወደ አዲሱ ገለበጠ። ማኅተም መትቶ ሰጠን፤ እኛም አመስግነን ወጣን።

ቤት ደርሰን በደጅ ሣር ላይ ቁጭ ብዬ ደብተሩን ስከፍተው ግን ደነገጥሁ። በአሮጌው ደብተር 0.75 ሄክታር ተብሎ የተጻፈው በአዲሱ 0.15 ሄክታር ሆኗል። ሰባቱ ቁጥር አንድ መስሎ ታይቶ ነው እንጂ በክፋት የተደረገ አይደለም። ሆኖም በአንዲት ጭረት ምክንያት 6,000 ካሬ ሜትር መሬት ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። አያቴ ስሕተቱን ለማሳረም ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው ራሱ አዝኖ፣ «እማማ፣ እስቲ ወደ በረንዳው እንውጣ፤ እዚህ አይታየኝም» አለና ሁለቱን ደብተሮች ይዞ ወጣ። በፀሐይ ብርሃን ባያቸው ጊዜ ስሕተቱን በአንድ አፍታ ለየው፤ እዚያው ቆሞም አርሞ ፈረመ። ስንመለስ አያቴ በመንገድ ላይ፣ «ልጄ፣ ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ዕውሩስ ቤቱ ነው» አሉኝ።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ቤት ለምን ዕውር ይሆናል? ዓይን ያለው መሥሪያ ቤትስ እንዴት ይሠራል? እያልሁ መጠየቅ ጀመርሁ።

አባቶቻችን የት ይሠሩ ነበር?

የሐዲያና የከምባታ የቀድሞ ቤት ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ነው። ውስጡ ሞቃትና ከብርድ የሚከላከል ይሁን እንጂ፣ መስኮት ስለሌለው ጨለማ ነው፤ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። ይህን ጉድለቱን መካድ አይገባም። ነገር ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆነው ትልቅ ጉዳይ አይፈጽሙም ነበር። ከቤቱ ፊት የሣር ደጅ አለ፤ በዙሪያውም እንሰቱ ቆሟል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የድንበር ክርክር የሚሰሙት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁት፣ ስለ ጋብቻ የሚነጋገሩት በዚያ ሣር ላይ ወይም በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ጎረቤቶቻችን ጉራጌዎችም ጀፎረ የሚሉትን ሰፊ የሣር መንገድ ከቤታቸው ፊት ለፊት ዘርግተው ለመሰብሰቢያ፣ ለለቅሶና ለበዓል ይጠቀሙበታል።

እንግዲህ የአባቶቻችን መሥሪያ ቤት የዛፍ ጥላ ነበረ ማለት እንችላለን። ብርሃን ነበረው፤ ንጹሕ አየር ነበረው፤ ተከራካሪዎቹም ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። ኋላ ግን ወረቀትና ማኅተም ሲመጣ ሥራው ወደ ቤት ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ የቤቱን ጨለማ አስቀርተን የደጁን ብርሃን ይዘን መግባት ሲገባን፣ ብዙ ጊዜ ጨለማውን አስቀርተን ብርሃኑን ተውነው። የዚህ ጽሑፌ ዋና አሳብ ይህ ነው፤ መሥሪያ ቤት ሲሠራ የደጃችንን ብርሃንና የዛፋችንን ጥላ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ጥቂት እውቀት ነው።

ለዓይን የሚበቃ ብርሃን ስንት ነው?

ብርሃን በገጽ ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ የሚለካበት መለኪያ ሉክስ ይባላል። አንድ ሻማ በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው ብርሃን ወደ 1 ሉክስ ነው። በጠራራ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሜዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን እንኳ ወደ 10,000 ሉክስ ይሆናል። በጠረጴዛ ላይ ለማንበብና ለመጻፍ ግን ሊቃውንት የሚመክሩት 500 ሉክስ ያህል ብቻ ነው።

አሁን እናስላ። በክረምት ደመና ውጭ 10,000 ሉክስ ካለ፣ ለጸሐፊው ጠረጴዛ የሚያስፈልገው የዚህ ብርሃን ከመቶ 5 እጁ ብቻ ነው። አምስት እጁ ከገባ 500 ሉክስ ሆነ፤ ሥራው ያለ መብራት ይሠራል። መስኮቱ በመደርደሪያ ተደፍኖ አንድ እጁ ብቻ ከገባ ግን 100 ሉክስ ይሆናል፤ ያን ጊዜ 7 ቁጥር 1 መስሎ ይታያል። የሰማይ ሀብት ከበራችን ላይ ሞልቶ ሳለ እኛ ከመቶ አምስት እጁን ለማስገባት አልቻልንም ማለት ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ብርሃን የሚጠቅመው ለማንበብ ብቻ አይደለም። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2002 እንደ ገለጹት፣ ከዓይናችን በስተ ኋላ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ ከምናይባቸው ሴሎች ሌላ ቀኑንና ሌሊቱን ለይተው ለአንጎል የሚያስታውቁ ሴሎች አሉ። ቀን በቂ ብርሃን ያገኘ ሰው ቀን ይነቃል፤ ሌሊት በደንብ ይተኛል። ቀኑን ሙሉ በጨለማ ክፍል የሚቀመጥ ሠራተኛ ቢያንቀላፋ ወይም ቢነጫነጭ ጥፋቱ የጠባዩ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ዛፍን ማየትም እንደዚሁ ይጠቅማል። ሮጀር ኡልሪች የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በሐሞት ከረጢት ሕመም ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች አነጻጽሯል። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮቱ ወደ ዛፎች የሚያሳይ ነበር፤ የቀሩት መስኮት የሚያሳየው የጡብ ግድግዳ ብቻ ነበር። ዛፍ ያዩት ሰዎች ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱት አነስ ያለ ሲሆን፣ ከሆስፒታሉም በአማካይ አንድ ቀን ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ቀድመው ወጡ። ዛፍ ማየት ለታመመ ሰው ይህን ያህል ከረዳ፣ በወረቀት ለደከመ ጸሐፊና ተራ ሲጠብቅ ለዋለ ባለጉዳይም ዕረፍት እንደሚሰጥ መገመት ይቻላል።

የፀሐይ መንገድ በሆሳዕና

ብርሃን ይግባ ሲባል ሐሩሩ ይግባ ማለት አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ ካረፈች ዓይን ታጥበረብራለች፤ ወረቀት ታገረጣለች፤ ሰውንም ታሞቃለች። ስለዚህ መስኮት ከመክፈት በፊት ፀሐይ በከተማችን ላይ በየት በየት እንደምታልፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ በዓመት ውስጥ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ስለምትመላለስ፣ ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በአናታችን ትክክል ታልፋለች። በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት መካከል ባሉት የበልግና የክረምት ወራት እኩለ ቀን ላይ ከእኛ በስተ ሰሜን ትሆናለች፤ በቀሩት ወራት በስተ ደቡብ ትሆናለች። ስለዚህ በአውሮፓ መጻሕፍት ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ ናት ተብሎ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጠን ለእኛ ቤት ብናውለው እንሳሳታለን።

ይህን በዓይኔ ለማየት ብዬ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ በትር በቱንቢ አስተካክዬ በሜዳ ላይ ተከልሁ። ታኅሣሥ 13 ቀን፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ እጅግ በምትርቅበት ሰሞን፣ የበትሩ ጥላ እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትር ነበረ፤ የወደቀውም ወደ ሰሜን ነው። መጋቢት 12 ቀን ብለካው 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። በሰኔ አጋማሽ ደመናው ስለ ጋረደኝ በስሌት ብቻ አገኘሁት፤ 28 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ያስገረመኝ ነገር አለ። ጥላው እጅግ የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። የጂኦግራፊ መምህራችንን ብጠይቃቸው ምክንያቱን አስረዱኝ። የኢትዮጵያ ሰዓት የተለካው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ሆሳዕና ግን በ38 ዲግሪ ገደማ ትገኛለች። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ ልዩነቱ 7 ዲግሪ ሲሆን 28 ደቂቃ ይሆናል። በትር የሚተክል ሁሉ ይህን ይወቅ።

ታዛን በበትር መለካት

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ። ከጣሪያው ጫፍ ከታዛው ሥር እስከ መስኮቱ ታችኛው ደፍ ድረስ 140 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ መስኮት እንዳትገባ ታዛው ምን ያህል ይውጣ? የአንድ ሜትር በትር ጥላ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 140ን በ0.60 ማባዛት ነው፤ 84 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጥቂት ጨምረን 90 ብናደርገው በእኩለ ቀን አካባቢ ላለው ጊዜ ይበቃል። በሰሜኑ በኩል ደግሞ 140 በ0.28 ሲባዛ 39 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ 40 ሴንቲ ሜትር ታዛ ይበቃል።

እነሆ፣ ስሌቱ ይህን ያህል ቀላል ነው። የቤቱ አናጢ ማወቅ የሚያስፈልገው የበትሩን ጥላ ብቻ ነው። ዱራሜም፣ አንጋጫም፣ ሺንሺቾም፣ ዶዮገናም ከእኛ እምብዛም ስለማይርቁ በዚያው ልክ ቢጠቀሙ ስሕተቱ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ከወጣች ከሁለት ሰዓት በኋላ ከፍታዋ 30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ለመጥለቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራትም እንደዚሁ። በዚህ ከፍታ የምትመጣን ፀሐይ ከዚያው መስኮት ላይ ለመከልከል ታዛው 2 ሜትር ከ42 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት፤ ይህም ታዛ ሳይሆን አንድ በረንዳ ማለት ነው። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ረጃጅም ግድግዳዎችና ትልልቅ መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙሩ፤ አጫጭሮቹ ግድግዳዎች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይሁኑ።

ይሁን እንጂ የምሥራቅ ፀሐይ ጠላታችን ናት ማለቴ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የበጋ ጠዋት ይበርዳል። ገና በሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ ምን ያህል እንደሚቆፈን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል በረንዳ ተሠርቶ የባለጉዳዮች አግዳሚ ወንበር በዚያ ቢቀመጥ፣ ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ይጠብቃሉ፤ ከሰዓት በኋላም ጥላ ያገኛሉ።

ስለ ክፍሉ ውስጥ

ብርሃን ከመስኮት ከገባ በኋላ ሩቅ አይሄድም። መሐንዲሶች የሚሠሩበት ልማድ፣ ብርሃን ከመስኮቱ የላይኛው ጫፍ ከፍታ ሁለት እጥፍ ወይም ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ይደርሳል የሚል ነው። የመስኮቱ ጫፍ 2 ሜትር ከ10 ከሆነ፣ ብርሃኑ ደህና ሆኖ የሚደርሰው ከ4 እስከ 5 ሜትር ነው። ከዚያ የሚሰፋ ክፍል በሁለት ወገን መስኮት ያስፈልገዋል። በሁለት ወገን መስኮት ካለው ደግሞ አየሩም ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። መስኮትን ከማስፋት ይልቅ ከፍ ማድረግ የሚሻለውም ስለዚህ ነው።

ሌላ ቀላል ፈተና አለ። በምትሠሩበት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ተመልከቱ። ከሰማይ ጥቂት እንኳ ከታያችሁ ቦታው ለጽሕፈት ይሆናል፤ ሰማይ ፈጽሞ የማይታይበት ቦታ ግን የመደርደሪያ ቦታ ነው። በአያቴ ጉዳይ የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብርሃኑን ፋይሉ ወሰደው፣ ጨለማውን ሰው ተቀበለው። ወረቀት ብርሃን አይሻም፤ እንዲያውም ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛል። ብርሃን የሚሻው ሰው ነው።

የግድግዳው ቀለምም ትልቅ ሥራ አለው። ነጭ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 70 ወይም 80 እጁን መልሶ ወደ ክፍሉ ይልካል። ጥቁር ቡናማ ቀለም ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። ቡናማ የሚቀባው ቆሻሻ እንዳይታይበት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ቆሻሻውን ደብቀን ብርሃኑን ከምናጣ፣ ቆሻሻው ታይቶ ቢታጠብ ይሻላል።

ስለ ዛፍ

ዛፍ ለመሥሪያ ቤት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ነው። ታዛ ሊከለክለው ያልቻለውን የምዕራብ ፀሐይ የሚከለክል እርሱ ነው። በምዕራብ በኩል ከግድግዳው ጥቂት ሜትሮች ርቆ ዋንዛ ቢተከል፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሐሩር ይሰብራል፤ አቧራም ያጣራል፤ ለንብም አበባ ይሰጣል። ግራቪሊያም ቶሎ ስለሚያድግ ይረዳል። ባሕር ዛፍ ግን ውሃ በብዛት ስለሚስብና ሌላ ተክል ከሥሩ ስለማያሳድግ ለግቢ አይመረጥም። ዋርካና ሾላም ጥላቸው ድንቅ ቢሆንም፣ ሥራቸው ብርቱ ስለሆነ ከቤት መሠረት ርቀው ሊተከሉ ይገባል።

እንሰትንም አንርሳ። ትልልቅ ቅጠሉ በመስኮት ሲታይ ዓይን ያሳርፋል፤ በጀርባ በኩልም በረድፍ ቢተከል ነፋስ ይከላከላል። በዱራሜ ያለ መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ መስኮቱን ወደ አምበሪቾ ተራራ ቢያዞር፣ ሠራተኛው ከወረቀቱ ቀና ባለ ቁጥር ተራራውን ያያል። ይህ ሀብት ገንዘብ የማይከፈልበት ነው።

ከሌላ ስፍራ የምንማረው

እስካሁን የተናገርሁት በአገር ቤት ስላለው ነው። ትልልቅ ሕንፃ የሠሩ ሰዎችም ይህንኑ አሳብ በየመንገዳቸው እንደ ተከተሉት ሦስት ምሳሌ ላቅርብ።

የመጀመሪያው በአዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። አርቱሮ መዜዲሚ የተባለው ኢጣሊያዊ የሕንፃ ጠቢብ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያ ነው። በመግቢያው አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም የመስታወት መስኮት አለ። ብርሃን በዚህ መስታወት ሲያልፍ የአፍሪካን ታሪክ እየተናገረ ይገባል። ሕንፃው ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፍቷል። ከዚህ የምንማረው ብርሃን ክብርንም እንደሚገልጽ ነው።

ሁለተኛው እዚያው አዲስ አበባ በልደታ ያለው የገበያ ሕንፃ ነው። ሻቪዬር ቪላልታ የተባለው ስፔናዊ የሕንፃ ጠቢብ ግድግዳውን በሙሉ በመስታወት ከመሸፈን ይልቅ፣ ትንንሽ ቀዳዳዎች ባሉት ኮንክሪት ሠራው። የቀዳዳዎቹም አደራደር ከአገራችን ጨርቅ ንድፍ የተወሰደ ነው። ብርሃንና አየር በቀዳዳዎቹ ይገባል፤ ሐሩሩ ግን ውጭ ይቀራል።

ሦስተኛው በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ያለው ኢስትጌት የተባለው የመሥሪያ ቤትና የሱቅ ሕንፃ ነው። ሐራሬ እንደ እኛ ከፍታ ቦታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተውን ይህን ሕንፃ የነደፈው ሚክ ፒርስ አሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነው። ቀዝቃዛው የሌሊት አየር በሕንፃው ውስጥ እየዞረ ኮንክሪቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ቀን ደግሞ የሞቀው አየር በጣሪያው ላይ ባሉት ጭስ ማውጫ መሳይ መውጫዎች ይወጣል። በእኛም አገር ኩይሳ ሞልቷል፤ እኛ በእግራችን የምንረግጠውን ሌላው መምህር አድርጎ ተማረበት።

ለሚቃወሙኝ መልስ

አንዳንድ ሰዎች፣ «ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ማለት ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት የሆነ ፎቅ ነው» ይሉኛል። ነገር ግን መስታወት ሁሉ ብርሃን አያስገባም። አንጸባራቂ የሆነው መስታወት ብዙውን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልስ፣ ውስጡ በቀትር መብራት ይበራል። ምዕራብን እያየ የተሠራ እንደ ሆነ ደግሞ ሐሩሩ ስለሚበረታ ሠራተኛው መጋረጃ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ መስታወቱ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ «መስኮት ሲበዛ ሌባ ይገባል፤ ዝናብም ይመታል» ይላሉ። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። ስለዚህ መስኮቱ ከፍ ይበል፤ ፍርግርግ ብረት ይግባበት፤ ታዛውም በሚገባ ይውጣ። መዛግብት የሚቀመጡበት ክፍል ለብቻው ሆኖ ጥቂት ብርሃን ብቻ ይግባበት። ለፋይል የሚስማማው ለሰው አይስማማም፤ ለሰው የሚስማማውም ለፋይል አይስማማም።

የተደረገና ሊደረግ የሚገባ

የእናቴ ወንድም በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። የበትሩን ሥራና ሥዕሌን ባሳየሁት ጊዜ በመጀመሪያ ሳቀብኝ፤ በኋላ ግን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ቅዳሜ መደርደሪያውን ከመስኮቱ ሥር አንሥቶ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወረ። ጠረጴዛውን ወደ ብርሃኑ አቀረበ፤ ግድግዳውንም ኖራ ቀቡት። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ የኖራና የብሩሽ ዋጋ ብቻ ነው። አጎቴ አሁን መብራት ሲጠፋ ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ማለት እንደ ተወ ነግሮኛል። በምዕራብ በኩልም አንድ የዋንዛ ችግኝ ተክለናል፤ ጥላው ግን ጥቂት ዓመት ይፈልጋል።

ወገኖቼ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና መቀመጫ ሆናለች። ስለዚህ ከተማችን ብዙ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋታል። ሕንፃ አንድ ጊዜ ፊቱን ካዞረ በኋላ መልሶ ማዞር አይቻልም፤ ለሃምሳ ዓመት እንደዚያው ይኖራል። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ ግንበኛ፣ አናጢ፣ ጸሐፊም የሚሆኑ አሉ። ወላጆቻችንም ዛሬውኑ ቤትና ሱቅ ያሠራሉ። እንግዲህ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት አንድ በትር እንትከል፤ ጥላውን እንለካ፤ ያለውንም ዛፍ ከመቁረጥ በፊት ደግመን እናስብ። የተሠራው ቤት ጨለማ ከሆነም መደርደሪያውን ከመስኮቱ እናንሣ።

አያቴ ደብተራቸው ከታረመ ወዲህ በሣጥናቸው ቆልፈው ያኖሩታል። ዘመድ ሲመጣ ግን አውጥተው ወደ ደጅ ይዘውት ይወጣሉ፤ «በብርሃን አንብብልኝ» ይሉታልና። ከእንግዲህ ወዲያ ማንም ባለጉዳይ ወረቀቱን ለማስነበብ ወደ ውጭ መውጣት የማያስፈልገው መሥሪያ ቤት እንድንሠራ ምኞቴ ነው።